ቀጥ ብላ በመራመዷ ስለተቀጣች ተማሪ

ለክቡር የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ነው? ወደ ቢሮዎ በየቀኑ የሚያወጣዎ ጉልበት እንዳይደክም፣ ያልተነበበ ማመልከቻ ላይ የሚፈርመው እጅዎ እንዳይዝል፣ በየስብሰባው የሚያጨበጭቡልዎ መዳፎች እንዳይጎዱ ዘወትር እመኝልዎታለሁ። ከመላ ቤተሰብዎና ከምክትሎችዎ ጋር ደህና ይክረሙልኝ። እኔም እንደ ነገሩ ደህና ነኝ።

ምናልባት ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ በሁለት ክራንች የምሄደው የታሪክ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ እጅግ ይወዱኛል፤ የክራንቼን ድምፅ ከኮሪደሩ ጫፍ ስለሚሰሙ የሚኮርጁበትን ወረቀት ለመደበቅ በቂ ጊዜ ያገኛሉ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ላይ ማውጣቴ ክብርዎን ለመዳፈር እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። በቢሮዎ በኩል አድርጌ ያልሞከርኩት የለም። እግሬ እስኪቀጥን ተመላልሻለሁ እንዳልል አንደኛው ድሮም ቀጭን ነው፤ ሌላኛውን ግን በእርግጥ አቅጥናችሁታል። ጸሐፊዎ በሄድኩ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች፤ ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ «አሁን ወጡ» ትለኛለች። እኔ መግቢያው ላይ ተቀምጬ ደጅ ስጠና ስላላየሁዎት፣ በየት በኩል እንደሚወጡ ለማወቅ ጓጉቻለሁ።

ጉዳዬ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ናት። የመልቀቂያ ፈተና ምዝገባ በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል፤ እሷ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ካልተመዘገበች ትምህርቷ በዚሁ ያበቃል፤ የምፈራው ግን ከትምህርቷ በላይ የሆነ ነገር ነው። ሊያስነሳት የሚችል አንድ ቃል አለ፤ እሱም ያለው በእርስዎ እጅ ነው። ይህን ሁሉ በአደባባይ የምጽፈው እሷ ፈቅዳልኝ ነው። «ይጻፉት፣ ስሜን ግን ይተዉት» ብላኛለች፤ ስለዚህ ስሟን ትቼዋለሁ። ወደ እሷ ከመድረሴ በፊት ለቢሮዎ ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ከታሪክ ስላወጡን አመሰግናለሁ። በታሪክ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም አስተማሪ እየሮጠ የሚያልፈው፣ ስለ አካል ጉዳተኞች ታሪክ የሚናገር አጭር ምዕራፍ ነበረን። እኔ እንደ ምንም ብዬ ወደ ዓመቱ መሀል እያመጣሁ አስተምረው ነበር። እዚያ ውስጥ በዚህችው ከተማ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። በድሮው ማተሚያ ቤት፣ የመኪናው ጩኸት አይረብሻቸውም ተብለው የተቀጠሩ መስማት የተሳናቸው ሠራተኞች ነበሩ፤ የሚሰሙት አለቆቻቸው እርስ በርስ ሲጯጯሁ ጉሮሯቸው እየተዘጋ፣ እነሱ ከአዳራሹ ዳር እስከ ዳር በእጃቸው ሲያወሩ፣ አለቆቹንም ሲያሙ ይውሉ ነበር። ትልቅ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጎዳናው ንጹሕ እንዲመስል በጭነት መኪና ተጭነው ከከተማ ውጪ በሚገኝ መጋዘን የተዘጋባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም መሀል ሳይመለሱ የቀሩ አሉ። «እናንተ አትፈተኑም» ሲባሉ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደረጃ ላይ፣ እርስዎ ዛሬ ጠዋት በረገጡት በዚያው ደረጃ ላይ፣ ዝናብ እየመታቸው ተቀምጠው አንነሳም ያሉና በመጨረሻ የተፈተኑ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ነበሩ። ይህን ሳስተምር ክፍሉ ጸጥ ይላል። ተማሪ ጸጥ ሲል ወይ ተኝቷል ወይ ገብቶታል፤ እነዚህ ግን አልተኙም ነበር።

ቢሮዎ ታሪኩ ለታሪክ መጽሐፍ ይከብዳል ብሎ ይመስለኛል፣ ምዕራፉን ወደ ጤና ትምህርት አዛወረው። አሁን የምንገኘው በጤና መጽሐፉ ምዕራፍ ሰባት ውስጥ ነው፤ ከፊታችን የአንጀት ትላትል፣ ከኋላችን የምግብ መመረዝ፣ የምዕራፉ ርዕስም «ልንከላከላቸው የምንችላቸው ችግሮች»። ማተሚያ ቤቱ የለም፣ መጋዘኑ የለም፣ ደረጃው የለም። በእነሱ ፋንታ ክራንች የያዘ አንድ ያዘነ ሰው ተሥሎ ከሥሩ «ክትባት በወቅቱ» ይላል። በክትባቱ እኔም እስማማለሁ፤ እናቴ ዘግይታ በመስማቷ እስካሁን ራሷን ትወቅሳለች። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ክትባቱ ያመለጠን ሰዎች ከዚያ በኋላ ኖረናል፣ ሠርተናል፣ ተጣልተናል፣ ወልደናል። ይሄ በየትኛው ገጽ ይገኛል? ታሪክ ላስተምር ገብቼ በሽታ ሆኜ ወጣሁ። ተማሪዎቼ አሁን ከእኔ ለመዳን እጃቸውን በሳሙና መታጠብ ይበቃቸው እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ይህ ከመወሰኑ በፊት አስተያየቴን እንድሰጥ ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። ስብሰባው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍቱ፣ እርስዎም እንደሚያውቁት፣ ከተገጠመ ጀምሮ የመጥረጊያና የወረቀት ካርቶን ማስቀመጫ ሆኖ በታማኝነት ያገለግላል። የበር ጥበቃው ደግ ሰው ነው፤ «መምህር፣ ላዝልዎትና እንውጣ፣ ማን ያየናል?» አለኝ። በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ በዚያ ደረጃ ላይ ማንም ያየናል፤ ደግሞም ሰውየው ራሱ ወገቡን ያመዋል። አመስግኜው ታች ቀረሁ። ስለዚህ እኔ የምለውን እየያዘ እሱ ሲወጣ ሲወርድ ዋለ፤ ሲመለስ እያለከለከ «ሰምተናል በላት ብለዋል» ይለኛል። ቃለ ጉባኤው ሲደርሰኝ እንዲህ ይላል፦ የሚመለከታቸው መምህርት ባለመገኘታቸው ሐሳቡ ያለ ተቃውሞ ጸድቋል። ስለ እኔ የተደረገ ስብሰባ፣ እኔ ከሥሩ ተቀምጬ፣ ያለ እኔ፣ ያለ ተቃውሞ። ለጥበቃው ግን የአስተያየት ሰጪ አበል እንዲታሰብለት በትሕትና አመለክታለሁ።

ሦስተኛ፣ እንግዳዬን ከበር ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። በዚያ ደረጃ ላይ ከተቀመጡት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አንዷ በኋላ ጠበቃ ሆነች፤ ዛሬ ጡረታ ወጥታ ከቀልዷና ከስኳር በሽታዋ ጋር ቤቷ ተቀምጣለች። ክፍሌ ድረስ መጥታ ታስተምርልኝ ነበር። በእኛ ክፍል አንድ ልማድ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እንግዳው ነው። እንደ እኛ ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ውስጥም፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይም፣ ሠርግ ላይም «ምን ሆነህ ነው? ስትወለድ ነው?» እየተባለ ስለሚኖር፣ ቢያንስ እኔ ክፍል ውስጥ ተራው ይገልበጥ ብዬ ነው። ጠበቃዋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ከእናንተ መሀል የቤት ሥራውን ከጓደኛው የገለበጠ ማነው?» አለች። «መስኮቱ ጋ ያለኸው፣ አንተ ነህ» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እውነትም እሱ ነበር። በኋላ እንዴት አወቅሽ ብላት፣ «መስኮት ጋ ሁልጊዜ አንድ አይጠፋም» አለችኝ።

ያን ቀን ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ አንዲት ልጅ ቀረች። ክቡር ሆይ፣ የምጽፍልዎት ስለዚህች ልጅ ነው። ዓይኗ ቀስ በቀስ እየደከመ ነው፤ ሐኪሞቹም እንደማይመለስ ለእናቷ ነግረዋታል። ይህን ከእናቷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የወንበር ጓደኛዋ በሹክሹክታ ያነብላታል። እሱ ሰነፍ ስለሆነች ይመስለዋል፤ «ጸሐፊሽ አደረግሽኝ እኮ» እያለ ያጉረመርማል፣ ግን አንድም ቀን ሳያነብላት ቀርቶ አያውቅም። ታዲያ ያቺ ልጅ ጠበቃዋ አጠገብ ቆማ ስለ መድኃኒት አልጠየቀቻትም፤ ለምን እኔ ላይም አላለችም። «ከእርስዎ በፊት ማን ነበረ?» ነው ያለቻት። እኔን ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» የሚል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጠበቃዋ ከእሷ በፊት የነበሩትን አንድ በአንድ ነገረቻት። ከዚያም ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቷ እየጠራች በጣት የሚነበበውን ብሬል ታስተምራት ጀመር። ግቢዋ ውስጥ ዓይኗን አስጨፍና ከበሩ እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ ልብስ ማስጫው በእግሯ ሥር ያለውን መሬት እየለየች መሄድ አለማመደቻት። መጀመሪያ ቀን የታጠበ አንሶላ ተጠምጥሞባት እንደወደቀች እየሳቀች ነግራኛለች። ሰኞ ስትመጣ ጣቷን ጠረጴዛዬ ላይ እያሻሸች «ቲቸር፣ ስሜን ጻፍኩ» ትለኛለች፤ በሌላው ሰኞ ደግሞ «ቲቸር፣ ቧንቧው ጋ ሳልነካካ ደረስኩ» ትለኛለች። ዓይኗ እየጨለመ ፊቷ ሲበራ ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው።

ቢሮዎ ይህን ጊዜ እንግዶች «የተማሪዎችን ሥነ ልቦና ሊረብሹ ስለሚችሉ» ያለ ፈቃድ ክፍል እንዳይገቡ መመሪያ አወጣ። ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ጥያቄዬን ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁ። ጠበቃዋ በሩ ላይ ስትመለስ «በሥራ ዘመኔ አንድ ዳኛ እንኳ መረበሽ ያቃተኝ ሴትዮ በጡረታዬ ይሄን ያህል ሕዝብ ልረብሽ?» ብላ ሳቀች። ለእኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

አራተኛ፣ በምዕራፉና በእንግዳዋ ምትክ የግንዛቤ ቀን ስለሰጡን አመሰግናለሁ። የቢሮዎ ዓርማ የታተመበት ጥቁር ጨርቅ በካርቶን መጣ። ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ ተሰልፈው ዓይናቸው ታሰረ፤ ከመስመሩ ተነስተው የባንዲራውን መስቀያ ነክተው እንዲመለሱ ታዘዙ። የተሰጣቸው አምስት ደቂቃ ነበር። አንዱ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ውስጥ ገባ፣ አንዷ መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች፣ ሁለቱ ግንባር ለግንባር ተጋጩ፣ የሒሳብ አስተማሪያችን ሳቁ አልቆም ብሎት ከግቢ ወጣ። ጨርቁ ሲፈታ እርስዎ ማይክሮፎኑን ይዘው «አሁን የአካል ጉዳተኛ ሕይወት ምን እንደሚመስል ገባችሁ» አሉ። ተጨበጨበልዎ። ብስክሌት ነክቶ የማያውቅን ሰው ለአምስት ደቂቃ አስቀምጦ፣ ሲወድቅ ብስክሌት ማለት መውደቅ ነው ብሎ ማስተማር ይቻላል፤ እናንተም ይህንኑ አሳይታችሁናል።

ከዚያ ሁሉ ተማሪ መሀል አንዲት ልጅ ግን አልተጋጨችም። ጨርቁ ታስሮላት፣ አንድ እጇን በትንሹ ከፊቷ ዘርግታ፣ መሬቱን በጫማዋ እየለየች ቀጥ ብላ ሄደች፤ መስቀያውን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ዞራ ተመለሰች። ፊቷን አይቼዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የተማረችው ነገር በሰው ፊት ሲሠራላት የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ፈገግታዋን ትከለክል ነበር። ልጠራት አፌን ስከፍት የቀኑ አስተባባሪዎ ቀደመኝ። ጨርቁን ከፊቷ መንጭቆ «ይቺ በሥር እያየች ነው፤ አጭበርብራለች» ብሎ በማይክሮፎን አወጀ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። እርስዎም ሳቁ፤ በክፋት አይመስለኝም፣ ሰው ሲስቅ አብረው የሚስቁ ሰው ነዎት። ከሰልፉ እንድትወጣ ተደረገ። የተማረ ሰው በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቀጣችሁት።

ክራንች ሣር ላይ እንደ ልብ አይሄድምና እኔ እስክደርስ ድረስ ከመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ጥግ ሄዳ ቆማ ነበር። ምን ብላ ትከራከር? አላጭበረበርኩም ለማለት ዓይኔ እየጠፋ ነው ማለት ነበረባት፤ ይህን ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚያ ዕድሜ፣ እየተሳቀባት። እኔም ምስጢሩ የእሷ ነውና ቃሌን ዋጥ አድርጌ አጠገቧ ቆምኩ። ከዚያ በላይ ያደረግሁት ነገር የለም።

አምስተኛ፣ ስለ ሽልማቱ። ከዚያው ቀን ጋር አያይዛችሁ የድርሰት ውድድር አደረጋችሁ፤ ያሸነፈውም ድርሰት በሳምንቱ በጠዋት ሰልፍ ላይ ተነበበ። አሸናፊው የወንበር ጓደኛዋ ነበር። ልጁን አልወቅሰውም፤ ያስተማራችሁትን አሳምሮ ጻፈው። የድርሰቱ መጨረሻ «በዚያ አምስት ደቂቃ ዓይኔን የሰጠኝን አመሰገንኩ፤ እንዲያ ሆኜ ከምኖር ሞቴን እመርጣለሁ» የሚል ነበር። እርስዎ አቅፈው ሳሙት፣ የምስክር ወረቀትም ሰጡት። እሷ እጅ ቢዘረጋ በሚደርስበት ርቀት ቆማ ነበር። ወራት ሙሉ ሰሌዳ ሲያነብላት የኖረ ልጅ፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ፣ አንቺን ብሆን እሞት ነበር አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣችም።

ስድስተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ትቼዋለሁ። እስካሁን የያዝኩት ወግ ከዚህ በላይ አልሄድልኝ አለ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፣ የልጅቷ አልጋ ከመጋረጃ ጀርባ። በሄድኩ ቁጥር እናትየዋ ፔዳሉን ታቆምና ያለውን አንድ ወንበር ለእኔ ለቅቃ፣ እሷ ያልተሰፋው ጨርቅ ክምር ላይ ትቀመጣለች። «መምህር፣ ምን ላድርጋት? እህል አትቀምስ፣ አታወራ። ተነሺ ብዬ እንዳልቆጣት እፈራለሁ፣ እንዳልተዋት እፈራለሁ። ማታ ማታ ትንፋሿን ነው የማዳምጠው» ትለኛለች። ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናወራለን፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ሁሉንም እንደምትሰማ ግን እናውቃለን።

መጀመሪያ ቀን ስለ ምዝገባው ነገርኳት። ስለ ብሬሉ አነሳሁባት። ልሄድ ክራንቼን ሳነሳ፣ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ነበር የቻልኩት። እሱንም አጭበርብረሽ ነው አሉኝ» አለችኝ። ይህን ይዤ ወጥቼ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። የሚያልፈው ሰው ለእግሬ የማለቅስ መስሎት ይሆናል፤ አንዲት ሴት እንዲያውም ከንፈሯን መጠጠችልኝ።

ጠበቃዋም መጥታ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስለ ደረጃውና ስለ ዝናቡ፣ እንዴት ፈርታ እንደነበረ፣ እንዴት ሌሊት ሌሊት ትቼ ልሂድ ትል እንደነበረ አወራቻት። ልጅቷ እስክትጨርስ ጠብቃ፣ «እሱ መጽሐፍ ውስጥ ነበር፤ አሁን ከመጽሐፉ ወጥቷል። እውነት ቢሆን ለምን ያወጡታል?» አለቻት። ጠበቃዋ የልጅቷን ብርድ ልብስ አስተካክላ ተነሳች። ክቡር ሆይ፣ ከእኔ በፊት በዚህ ያለፈ ሰው አለ ወይ ብላ ለጠየቀች ልጅ፣ አዎ አለ ብለን ነግረናት ነበር። እናንተ የለም አላችኋት። በሁለት መንገድ ነገራችኋት፤ አንድ ጊዜ ምዕራፉን ስታወጡ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ድርሰቱን ስትሸልሙ። እሷም አመነቻችሁ።

የወንበር ጓደኛዋ በየቀኑ «ቲቸር፣ ለምን ቀረች?» እያለ ይጠይቀኛል። የቀሩባትን ትምህርቶች ለብቻው በሌላ ደብተር እየጻፈላት ነው። ይህን ደብዳቤ ሲያነብ ምክንያቱን ያውቃል። እሱንም አስባበት ነው የፈቀደችው፤ «ይወቅ፣ ግን እንዳትቆጡት» ብላኛለች።

እንግዲህ የምለምነውን ልናገር። ምዕራፉን ወደ ታሪክ ይመልሱልን። አይሆንም ካሉ ይቅር፤ በእረፍት ሰዓት ዛፍ ሥር አስተምረዋለሁ። ጠበቃዋን ያስገቡልን። እሱም አይሆንም ካሉ ይቅር። ሊፍቱንም ረስቼዋለሁ፤ ካርቶኖቹ በሰላም ይኑሩበት። አንዱን ብቻ አይከልክሉኝ። የቢሮዎ መልእክት በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ በማይክሮፎን ይነበባል። የምዝገባው ቀን ከማለፉ በፊት በአንዱ ጠዋት፣ «በግንዛቤው ቀን ቀጥ ብላ የሄደችው ልጅ አላጭበረበረችም፤ የሄደችው ስለተማረች ነው» የሚል መልእክት ይላኩ። ስሟን መጥራት አያስፈልግም። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው፣ ማይክሮፎኑም ለሰፈሩ ሁሉ የሚበቃ ነው። አጭበርብራለች መባሏንም፣ ድርሰቱንም የሰማችው በዚያው ማይክሮፎን ነው፤ ይህንንም ትሰማለች።

ይህ በጀት አይፈልግም፣ ኮሚቴ አያሻውም፣ ሦስተኛ ፎቅ መውጣትም የለበትም። አስተባባሪዎም በዚህ አይዋረድም፤ ተሳስቻለሁ ብሎ ያመነ ሰው ሲዋረድ እኔ አይቼ አላውቅም። ልመና ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ያምርበታል ብለው የሚያስቡ ሰዎች ስላሉ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ማንንም ላለመለመን ጥርሴን ነክሼ ኖሬያለሁ። አውቶቡስ ላይ ወንበር ልቀቁልኝ ብዬ እንኳ አላውቅም። ዛሬ ግን በአገር ፊት፣ በጋዜጣ ላይ፣ እርስዎን እለምናለሁ። ልጅቷን እንዳናጣት።

ለእርስዎ፣ ለምክትሎችዎ፣ ለአስተባባሪዎና ለማይክሮፎንዎ ያለኝን የማይናወጥ አክብሮት ደግሜ እያረጋገጥኩ፣ ውድ ጊዜዎን በማይረባ ታሪክ ስላባከንኩብዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ክራንቼ እንዳይወድቅብኝ በልኩ ነው የምጎነበሰው፣ እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ።

ሁልጊዜም ታዛዥዎ የሆንኩት፣
ከምድር ቤቱ የመጨረሻ ክፍል
የታሪክ መምህርቷ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ ለልጅቷ አነበብኩላት። እናቷም መኪናዋን አቁማ ሰማች። ስጨርስ «ቲቸር፣ ሰውየው መልስ ይሰጣሉ?» አለችኝ። አዎ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ይሰጣሉ አልኳት። የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ አድርጌ ለተማሪ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ እውነት ይሁን ውሸት የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ጠዋት እናቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ነበር። ደብዳቤው ገና ባይታተምም፣ ልጅቷ በሰልፉ ሰዓት ከአልጋዋ ተነስታ፣ የስፌት መኪናውን አስቁማ፣ መስኮቱን ከፍታ አዳምጣለች። ዛሬ ከቢሮዎ የተነበበው መልእክት ተማሪዎች ጥቁር ጫማ እንዲያደርጉ የሚያሳስብ ነበር።